ከመጋረጃው ጀርባ የቀረ ሶላት

አራተኛ ልጄን የወለድኩት በደርግ ዘመን፣ አሰበ ተፈሪ ነው። አማቴ የአራስ ቤቴን መስኮት በጆንያ ደፈኑት፤ በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀሉ። ፀሐይ አራስን ምች ያስመታል ይሉ ነበር። እኔም አምን ነበር።

አርባው ቀን ሳያልቅ ሽንቴ ያመልጠኝ ጀመር። ሳስነጥስ፣ ልጅቷን ሳነሳ፣ ጠብ ይላል። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ይሆናል። ሽንት ግን ውዱእን፣ የሶላት ትጥበትን፣ ያፈርሳል፤ ያለ ውዱእ ሶላት የለም።

አርባው ሲሞላ ገላዬን ታጥቤ ለሶላት ቆምኩ። ጎንበስ ስል አመለጠኝ። እንደገና ውዱእ አደረግሁ፤ እንደገና አመለጠኝ። በሦስተኛው መስገጃዬን አጠፍኩት።

አማቴን አዮ እላቸው ነበር፣ እናቴ ለማለት።

«ልጄ፣ ደሙ አልቆመም እንዴ?» አሉኝ ከመጋረጃው ውጭ።

«አልቆመም፣ አዮ።»

ዋሸሁ። የወሊድ ደም ያላት ሴት ለምን አትሰግጂም አትባልም። ደሙ አንዳንዴ ከአርባ ቀን አልፎ እስከ ስልሳ እንደሚሄድ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር፤ ደም ካለብኝ ገና አራስ ነኝ። መጋረጃው አልተነሳም።

እንዲህ ሆኜ ሦስተኛው ወር ገባ። እንዳያመልጠኝ ብዬ ውኃ መጠጣት ቀነስኩ። ወገቤና ጭኔ ደከሙ፤ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ግድግዳ እደገፋለሁ። አዛን ሲሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ስልሳው ቀንም ሲያልፍ አዮን ደሙ አሳሰባቸው፤ አንዲት የጤና ረዳት ይዘው መጡ።

«ሁለት ወር አልፎም ደም? እስቲ ጨርቁን አሳዪኝ» አለችኝ።

የማሳየው ጨርቅ አልነበረኝም። አለቀስኩ፤ ከዚያ አዮ ባሉበት እውነቱን ተናገርኩ።

ጤና ረዳቷ አልደነገጠችም። «ስንቷ እናት አለች መሰለሽ! ከታች ሽንት የሚይዘው ጡንቻ በወሊድ ላልቷል። ስብሰባ ላይ ሽንት ይዞሻል እንበል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ገና ንግግሩን አልጨረሰም። እንዴት ትይዣለሽ? እንደዚያ ጨምቀሽ ያዢ፣ ልቀቂ። በቀን ደጋግመሽ።»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። ስስቅም አመለጠኝ።

ወደ መስኮቱ ዞረች። «እማማ፣ ይህን ጆንያ ያንሱት። ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። እሱ ሲጎድል አጥንትም ጡንቻም ይደክማል። ሕፃኗም እናቷም ይሙቁ።»

«ምቹስ?»

«በምቹ እኔን ይጠይቁኝ።»

ከሄደች በኋላ አዮ አጠገቤ ተቀመጡ። ሶላት በደረሰ ቁጥር ማንቆርቆሪያ ይዘው ወደ ጓሮ ይሮጡ ነበር፤ እኛ ምራቶቻቸው ውዱእ የማይጠግቡት እያልን እንስቅባቸው ነበር።

«ከሁለተኛ ልጄ ጀምሮ እንዳንቺ ነኝ» አሉ። «ሼኩን አስጠይቄ ነው የምሰግደው። የሶላቱ ጊዜ ሲገባ ትታጠቢያለሽ፣ ጨርቅሽን ታጠብቂያለሽ፣ ውዱእ አድርገሽ ወዲያው ትሰግጃለሽ። ከዚያ በኋላ ቢያመልጥሽ አትጠየቂበትም።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንቺስ ነግረሽኛል?»

ተነሥተው ጆንያውን በገዛ እጃቸው ጎተቱት። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷን ታቅፌ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ፣ እግሬን ለፀሐይ ገልጬ። አዮ ምች ፈርተው ሻሽ ጭንቅላቴ ላይ ጣሉብኝ። ከወራት በኋላ ሽንቴ እየያዘልኝ መጣ። ፀሐዩ ይሁን መጭመቁ አላውቅም፤ አላህ ያውቃል።

ያን መጀመሪያ ፀሐይ የሞቅኩበት ቀን ግን ገና አልዳንኩም ነበር። ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ሲገባ አዮ ማንቆርቆሪያውን ለእኔ ሰጡኝ። ታጥቤ ግቢው ውስጥ ከጎናቸው ቆምኩ። ጎንበስ ስል ትንሽ አመለጠኝ።

አላቋረጥኩም። አልሐምዱሊላህ።