በሙጫ የተጣበቀው ማገጃ

በየቤታቸው ትንንሽ ባቡር ከነሐዲዱ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ቡና ቤት ውስጥ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተሰብስበው የትናንት ሥራቸውን ፎቶ በስልካቸው እርስ በርስ ያሳያያሉ። አንዱ ዋሻ ቆፍሯል፤ ሌላው ጣቢያውን ቀለም ቀብቷል። አብረዋቸው የሚቀመጡት ሽማግሌ ግን ማንንም "ጎበዝ" ብለው አያውቁም። ሁልጊዜ ያንኑ ክርኑ ያለቀ ሰማያዊ የምድር ባቡር የሥራ ካፖርት ይለብሳሉ። አንገታቸው ላይ ፊሽካ አለ፤ ሲነፉት ግን ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ ከመካከላቸው ጥርስ ሐኪም የሆነው ሐዲዱና የመኪናው መንገድ የሚገናኙበትን ቦታ ሠርቶ አሳየ። ሽማግሌው ስልኩን ነጥቀው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት።

"የመንገዱ ማገጃ ለምን አልወረደም?"

"ወደ ላይ እንደቆመ በሙጫ አጣበቅኩት፣ ጋሼ። ሲወርድ ባቡሩን ይጋርደዋል፤ ለፎቶ አያምርም።"

"አያምርም?" ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመቱት ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። "አያምርም ብለህ መንገዱን ክፍት ትተህ ተኛህ? አንተ ሰው ነህ?"

"ኧረ ጋሼ፣ መጫወቻ እኮ ነው!"

"የምን መጫወቻ! ተነስ! አሁኑኑ ቤትህ ሄደህ ንቀለው!"

ጣቢያውን ቀለም የቀባው ሰው ነገሩን ለማብረድ ብሎ፣ "እርስዎስ ትናንት ምን ሠሩ?" አላቸው።

ስልካቸውን አወጡ። ፎቶው ያው የሁልጊዜው ነው። አንድ ክንድ የማይሞላ ሐዲድ፣ የዘበኛ ቤት፣ የወረደ ማገጃ። ከማገጃው ወዲህ አንዲት ቀይ የልጅ ብስክሌት ቆማለች። ባቡር የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

"በሰዓቱ ዘጋሁት" አሉ።