ከደረጃው ሥር ያለው ደብተር

ያኔ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቁልንን ሴት ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። ክፍላቸው ከደረጃው ሥር ናት፤ አንድ ማራገቢያ ቀን ከሌት የሚያጉረመርምባት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት። ዛሬም ማራገቢያ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

እትዬ አሮጌ ነገር አይጥሉም። የደም ውጤት የሚያወጣልን ፕሮግራም የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ አዲስ ስሪት ሲወጣ፣ አዲሱን ለብቻው ይጭኑና አሮጌውን እዚያው ይተዉታል። የጫኑትን ሁሉ ደብተር ላይ በተራ በተራ ይጽፋሉ።

ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው የሚተካቸው መሐንዲስ መጣ።

«እትዬ፣ ሙዚየም ነው እንዴ የሚያስረክቡኝ?» አላቸው።

«ሙዚየምም ቢሆን በእጅ አይነካም» አሉት።

ሐሙስ ጠዋት እሳቸው የጡረታ ፎርም ሊሞሉ ሲሄዱ፣ መሐንዲሱ ውጤት የሚያወጣውን ኮምፒውተር ላጽዳ ብሎ አሮጌውን ስሪት አጠፋው። በእሱ ይሠራ የነበረው የውጤት ፕሮግራም ቀጥ አለ። መልሶ ሊጭነው ቢሞክር እንቢ አለው፤ ለካ ኮምፒውተሩ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የሚጭንበት መሣሪያ ራሱ የሚሠራው በዚያው ባጠፋው ስሪት ኖሯል። ፎቅ ላይ ደግሞ አንዲት እናት ቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ተኝታለች፤ የደም ውጤቷ ሳይደርስ አይነኳትም። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ደወለ።

ሮጬ ጠራኋቸው። መጡ፤ አልተቆጡም። ከመሳቢያቸው አሮጌው ስሪት ያለበትን ፍላሽ አወጡ፣ ደብተሩን ገለጡ። እሳቸው እያነበቡ መሐንዲሱ ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፈ፣ ስሪቱ የተከፋፈለባቸውን ጥቅሎች አንድ በአንድ በእጅ ይጭኑ ጀመር። አንዱን ሊዘል ሲል እጁን ያዙት።

«በተራ፣ ልጄ። ይኼኛው ያንን ተደግፎ ነው የሚቆመው።»

አሥራ አንደኛው ጥቅል ላይ ማተሚያው ተንቀሳቀሰ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ፎቅ በረርኩ፤ ሴትየዋን አስገቧት።

ስመለስ መሐንዲሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ለአለቃው ምን ብዬ ልንገር ይላል። እትዬ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገልጠው ፊቱ አስቀመጡለት። የወጣትነት እጅ ጽሑፋቸው ነው፦ «ዛሬ አሮጌውን አጠፋሁ። ላቦራቶሪው ሦስት ቀን ቆመ።»

ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ እስክሪብቶ ለመነኝና ከሥሩ ጻፈ፦ «እኔም። አርባ ደቂቃ።»