ሴት ቡችላ

ያገኘኋት መርሳ መናኸሪያ አጥር ጥግ ነው። ከእህቶቿ ጋር ማዳበሪያ ውስጥ ታስራ ተጥላ ነበር፤ ስፈታው እሷ ብቻ ነበረች የምትተነፍሰው። እኛ አገር ወንድ ቡችላ ሰው ተሻምቶ ይወስደዋል፣ ሴቷን ግን ይጥላታል። ዘሯ የማይታወቅ ድብልቅልቅ ናት፤ እግሯ አጭር፣ አንድ ጆሮዋ የቆመ፣ አንዱ የወደቀ። የሚኒባሱ ረዳት እንዳያወርደኝ ነጠላዬ ሥር ደብቄ ወልድያ አስገባኋት።

አከራዬ ግቢው በር ላይ አገኙኝ። የቡችላዋን ጭንቅላት ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣

«ወንድ ነው?» ብለው ነው።

«ሴት ናት፣ እትዬ።»

«በይ ከመጣችበት መልሺያት! ወንድ ቢሆን ግቢ ይጠብቅልን ነበር። ሴት ምን ታደርግልናለች? ነገ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ በሬ ላይ ልትሰበስብብኝ!»

ግቢው ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ» አልኩና ክፍሌ ገብቼ ወተት በሰሃን አቀረብኩላት። ትንሽ ሆዷ እስኪነፋ ጠጣች።

ይኸው ሁለት ዓመቷ። እትዬ ዛሬም ባዩዋት ቁጥር ያጉረመርማሉ፤ እሷም መልሳ ታጉረመርምባቸዋለች። ተዪ አልላትም። ክፍሉን ብቻዬን ልከራይ የመጣሁ ቀን፣ እዚያው በር ላይ ቆመው ስለ እኔም ያሉት ይህንኑ ነበር፤ የሰፈሩን ወንድ በሬ ላይ ልትሰበስብብኝ ነው ብለው። ያኔ ዝም ብዬ ነበር የገባሁት።

እሷ ግን ዝም አትልም።