ኮሶ ተነሥቶብሽ ነው

ከጊዮርጊስ ጀርባ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ወይዘሮ አስካለን የማያውቅ ሰው ከተገኘ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ታሞ የማያውቅ። ታሞ የማያውቅ ደግሞ በዚያ ሰፈር አልነበረም። ጠላት ከወጣ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር መኖሩንም ሁሉም ሰምቷል። ግን ሐኪም ቤት ወረፋ አለ፣ መርፌ አለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ልብስ አውልቁ ይላል። ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ያለው ጓሮ ብቻ ነው።

ጓሮው ጠባብ ነው። ከአጥሩ ሥር ጤና አዳምና ዳማ ከሴ፣ መሐሉ ላይ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥግ ጥጉን ፌጦ። ምች የመታው ዳማ ከሴ ተጨምቆለት ይጠጣል፤ ሆዱን የቆረጠው ፌጦ በሎሚ ይወስዳል። ሑዳዴ ሲገባ ደግሞ የሱፍ ውሃ በባቄላ ዱቄት አብስለው፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ጨምረው፣ ገንቦ ሙሉ ስልጆ ያስቦካሉ። ባላቸው በጠላት ጊዜ ሞተውባቸው አንድ ልጃቸውን ዓምደሚካኤልን ያሳደጉት በዚሁ ስልጆ ነው። እሱም ደህና ሰው ወጥቶት ፒያሳ ከአንድ አርመን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ ያዘ።

«ሐኪም ቤት የሚሄደው ጓሮ የሌለው ነው» ይሉ ነበር ወይዘሮ አስካለ። ትንሽ ኩራት ነበረባቸው። ትንሽ ማለት እንኳ ለእሳቸው ማዳላት ነው።

ከሁሉ የሚኮሩት ግን በኮሶአቸው ነበር። በየሁለት ወሩ ከእንጦጦ የሚመጣላቸውን አበባ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በጥብጠው ቤተሰቡን ያጠጣሉ። ለጎረቤትም ይሰጣሉ፤ አይሸጡም። ኮሶ ሻጭ መባል ስድብ በሆነበት አገር ማን ይሸጣል? ሴት ከመጣች ግን ሳይጠይቁ አይሰጡም። ኮሶ ትሉን ብቻ መርጦ አይጠርግም፤ ነፍሰ ጡር ከጠጣችው ፅንሱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ «ወርሽ መጥቷል?» ይላሉ፤ መልሱን ሳይሰሙ ዋንጫውን አያቀብሉም።

የልጃቸው ሚስት ወይንሸት እናቷን በሕፃንነቷ አጥታ ከአጎቷ ዘንድ በወንዶች መሐል ያደገች ናት። ሴት ለሴት በሹክሹክታ የምትነግረውን ነገር የነገራት ሰው አልነበረም። ባገባች በዓመቱ አረገዘች። ወይዘሮ አስካለ ደስታውን መያዝ አቅቷቸው ለድፍን ሰፈር አወሩ። በሦስተኛው ወር ፅንሱ ወረደ። ሰዉ ሁሉ «ዓይን በላት» አለ፤ እሳቸውም አመኑ። ምራታቸውን አቅፈው አለቀሱና እንዲህ ብለው መከሯት፦

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ሁለተኛ ቢሰጥሽ ሆድሽ እስኪገፋ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ዝም በይ። ለባልሽም አትንገሪ። እኔም ብጠይቅሽ የለም በይኝ። የኔም ዓይን ዓይን ነው።»

ወይንሸት እንደ እናት የመከራት ሰው አግኝታ አታውቅምና ቃሉን እንደ ጸሎት ያዘችው።

ሦስት ዓመት ምንም ሳይኖር አለፈ። ወይዘሮ አስካለ ስለት ተሳሉ፣ ጠበል አመላለሷት፣ በመጨረሻም ተስፋ እየቆረጡ መጡ። አንድ ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወይንሸት ምግብ እንቢ አላት። ጠዋት ጠዋት ምራቋ እየሞላ ያቅለሸልሻታል፤ የወጥ ሽታ ሲመጣ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። በቅርብ የሚያዩት ነገር ይሰወራል ወይስ ተስፋ የቆረጠ ሰው ዓይን አይሠራም፣ እንጃ፤ የስንቱን ሴት ሆድ ገና ሳይገፋ የሚያውቁት ወይዘሮ አስካለ ይህን አላዩም። ቅዳሜ ማለዳ ኮሶውን በጥብጠው ጠሯት።

«ዛሬ ይቅርብኝ እማማ፣ ሆዴን አልተመቸኝም።»

«ኮሶ ተነሥቶብሽ ነዋ! ምራቅሽን ስትውጪ አይቼሽ የለም እንዴ? ይልቅ ወርሽ መጥቷል?»

ወይንሸት መሬት መሬት እያየች «መጥቷል» አለች።

ኮሶ ፅንስ እንደሚያወርድ አታውቅም ነበር። የምታውቀው ከጠየቋት የለም ማለት እንዳለባት ነው። ደግሞስ አማቷ የሚጎዳ ነገር ያጠጡኛል ብላ እንዴት ታስብ? አፍንጫዋን ይዛ ጨለጠችው። ወይዘሮ አስካለም ግትር ኮሶ ነው ብለው ጠንከር አድርገውት ነበር።

ረፋዱ ላይ አብሯት የጠጣውን ዓምደሚካኤልን ኮሶው ሻረው፤ መሻሪያውን በልቶ ወደ ሥራው ወረደ። ወይንሸት ግን አልተነሣችም። ወይዘሮ አስካለ ብርድ ልብሱን ቢገልጡ ፍራሹ በደም ርሷል።

«መጥቷል አላልሽኝም?»

«የለም በይኝ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» አለች ወይንሸት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ስህተት የማንም ነው። ከዚያ ወዲያ ያደረጉት ግን ስህተት አይባልም። ጎረቤት አልጠሩም፤ ጋሪም አላስጠሩም። ሐኪሙ «ምን ጠጣች?» ብሎ እንደሚጠይቅ ታወቃቸው፤ መልሱ ሰፈር ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚወራም ታወቃቸው። በሩን ዘጉና የሚያውቁትን ቅጠል ሁሉ እየጨመቁ ሲያጠጧት ዋሉ። ደሙ አልቆመም። ዓምደሚካኤል ማታ ከሥራ ሲገባ ሚስቱ ትኩሳት አንድዷት ትቃዣለች። በጋቢ ጠቅልሎ በጋሪ ይዟት በረረ።

ወይንሸት ተረፈች። ሐኪሙ ግን ማህፀኗ ክፉኛ ተጎድቷልና ከእንግዲህ አትወልድም አለ። ባሏ ምን እንደሆነች ቢጠይቃት «ጓሮ አንሸራትቶኝ ወደቅሁ» አለችው። ወይዘሮ አስካለ አልጋው ግርጌ ቆመው ሰሙ፤ አላስተባበሉም።

ሁለት ዓመት እንዲሁ ኖሩ። ወይንሸት ባሏ እንዳይጠረጥር ከአማቷ እጅ ትበላለች፤ የሰጧትን ሁሉ ሳታጣጥም ትውጣለች። ጎረቤት አሁንም ለኮሶ ይመጣል። ወይዘሮ አስካለ «አበባው ጠፍቷል» ብለው ይመልሱታል።

በኋላ የሟች ባላቸው ወንድም አቶ ወልደሥላሴ አንድ እሑድ ከሰዓት መጡ። ቁጭ እንዳሉ ነገሩን ከፈቱት።

«አስካለ፣ የወንድሜ ዘር በዚህ ልጅ ሊቋረጥ ነው። ልጅቱን አልጠላኋትም፤ ግን መካን ናት። በሽማግሌ፣ በወግ በወጉ ትሸኝና ሌላ እንፈልግለት።»

ዓምደሚካኤል አንገቱን ደፋ። ወይንሸት ከመጋረጃው ኋላ ናት፤ ሁሉንም ትሰማለች። እናት የላት፣ አጎቷ ሞቷል፤ ከዚህ ቤት ብትወጣ የምትገባበት የላትም። የሰው ልብ ክፉ ነውና ለወይዘሮ አስካለም አንድ ሐሳብ መጣባቸው፦ ዝም ቢሉ አዲስ ምራት ትመጣለች፣ የልጅ ልጅ ያያሉ፣ ስማቸውም እንደተከበረ ይኖራል። ሐሳቡ ጣፈጣቸው። በመጣፈጡም ራሳቸውን ተጸየፉ።

«መካን አይደለችም» አሉ። «መካን ያደረግኋት እኔ ነኝ።»

«ምን እያልሽ ነው እማዬ?»

ነገሩት። ኮሶውን፣ ምክሩን፣ ከሁሉ የከፋውን ደግሞ በሩን ዘግተው የዋሉትን። አቶ ወልደሥላሴ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ዓምደሚካኤል መጋረጃውን ገለጠው።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች ወይንሸት። «እናትህ ናቸው ብዬ ነው የዋሸሁህ።»

ወይዘሮ አስካለ ተነሥተው እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ትከሻቸውን ይዛ አስቆመቻቸው።

«ይተዉ እማማ። ይቅር ብያለሁ። ዳሩ ከእንግዲህ ከእጅዎ ውሃም አልቀምስ። እስከ ዛሬ የቀመስኩት እያነቀኝ ነው።»

ወሩ ሳይሞላ ባልና ሚስት ሰባራ ባቡር አጠገብ ቤት ተከራይተው ወጡ። ወይንሸት አልተፈታችም። ወሬው ሰፈሩን ስለዞረ ወደ ጓሮው የሚመጣ ሰው ቀረ፤ ዳማ ከሴውና ጤና አዳሙም ቆራጭ አጥቶ ተንዠረገገ።

ዓምደሚካኤል ክፉ ልጅ አይደለም። እሑድ እሑድ ጊዮርጊስ አስቀድሶ እናቱን ሳይጠይቅ አይሄድም። ወይዘሮ አስካለ ሌሊት ተነሥተው ወጡን ሠርተው፣ እንጀራውን ሌማት ላይ ዘርግተው ይጠብቁታል። ገብቶ ይስማቸዋል፤ ጤናቸውን ይጠይቃል። ሌማቱን ሲያቀርቡለት «በልቼ ነው የመጣሁት እማዬ» ይላል።

ነጠላውን ለቅዳሴ እንዳጣፋው ነው። በባዶ ሆዱ አስቀድሶ በቀጥታ ወደ እሳቸው እንደመጣ ያውቃሉ። «ደግ አደረግህ ልጄ» ይሉና ሌማቱን ይከድኑታል።