ባሩድ ያሉት ብናኝ

ከመታሰራችን በፊት የነበረው የመጨረሻ ቀን ተራ ቀን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሶዶ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተምር ነበር። ኢሻ እለዋለሁ፤ በቋንቋችን ወንድም ማለት ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ብየዳ ቤት ይዞኝ ሄደ። ወለሉ ላይ የወደቀውን የብረት ብናኝ በካርቶን ጠርገን ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርን።

"መምህር፣ ዛሬም ቤቴን ልትጠርግልኝ መጣህ?" አለ በያጁ።

"ምን ላድርግ፣ ቤተ ሙከራዬ ያንተ ወለል ነው።"

ማግኔት ነበረን። ኢሻ ከቤተ ክርስቲያናችን የተቃጠለ ስፒከር ውስጥ ያወጣው ክብ ማግኔት ነው። ለተማሪዎቹ የሚያሳየውን እቤት ገብተን ሞከርነው። ሠራ። እራት በላን።

በማግስቱ ፖሊሶች መጡ። ወንድሜ ባለሥልጣናት የጠሩት አንድ ስብሰባ ላይ ተነስቶ "ስለ እኛ ከመወሰናችሁ በፊት እኛን ጠይቁን" ብሎ ነበር። የመጡት ለዚያ ነው። ቤቱን ሲፈትሹ ግን ጠርሙሱን አገኙ። አንዱ ከፍቶ አሸተተ።

"ባሩድ ነው" አለ።

ኢሻ ሳቀ። ያኔ ሁለታችንንም ወሰዱን።

የታሰርንበት ክፍል ጠባብ ነው። የሽንት ባልዲው በሩ ጋ ነው፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ከቦዲቲ የመጡ አንድ ሽማግሌ የበርበሬ ነጋዴ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልን። ለምን እንደመጣን ሲሰሙ፣ "ባሩድ የሚያስተምር መምህር ገና አሁን አየሁ" አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

ኢሻ ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲሚንቶው ላይ የዘንግ ቅርጽ ያለው ማግኔት ሳለ። ከአንዱ ጫፍ ወጥተው ዞረው ወደ ሌላው ጫፍ የሚገቡ መስመሮች ጨመረበት፤ የብረት ብናኝ ማግኔት ዙሪያ ሲበተን እንዲህ ይሰለፋል አለ።

"ታዲያ ይሄን መስመር የሚሠራው ብናኙ ነው?" አሉ ነጋዴው።

"አይደለም አባባ። ማግኔቱ ካለ ሜዳው፣ የሚስብበት ጉልበት ማለቴ ነው፣ ዙሪያውን አለ። ብናኝ ባይኖርም አለ። ዓይናችን አያየውም እንጂ። ብናኙ ሲመጣ እያንዳንዷ ቅንጣት በሜዳው አቅጣጫ ትዞራለች። ያኔ እናያለን።"

"በመስመሮቹ መሃልስ? ባዶ ነው?"

"እዚያም አለ። መስመሩን የሳልነው እኛ ነን። መስመሮቹ የተጠጋጉበት ቦታ ጉልበቱ ይበረታል።"

"በልጅነቴ አንተን ባገኝ በርበሬ አልሸጥም ነበር" አሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ኢሻን ለጥያቄ ጠሩት። አልተመለሰም።

ከሰዓት በኋላ አዛዡ እኔን አስጠራኝ። "ወንድምህ ታሞ አርፏል" አለኝ። አልታመመም ነበር።

"ነገ ይቀበራል። ጠዋት መርማሪው ፊት፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ባሩድ ነው ትላለህ። ከዚያ መኪና ቀብሩ ላይ ያደርስሃል።"

ወደ ክፍሉ ስመለስ ነጋዴው ትከሻዬን ያዙ።

"በል ልጄ፣ ያሉህን በላቸውና ሂድ። ቀብር ሁለት ጊዜ የለም። ሙት በወሬ ምን ይጎዳል?"

"ተማሪዎቹስ? ከዚህ በፊት እንዲህ ያለውን ብናኝ በእጃቸው ነክተዋል። መምህራችን ባሩድ አስነካን ይበሉ?"

"ግትር! ቁርጥ እሱን" አሉና ጋቢያቸውን አለበሱኝ።

በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ "ቀብሩ ላይ የት ነበርክ?" ትለኛለች። ያንን ጠዋት እነግራታለሁ። ሰምታ ትጨርስና ሌላ ቀን ደግማ ትጠይቀኛለች። እኔም ደግሜ እነግራታለሁ። አይሰለቸኝም።

ያን ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። ጠርሙሱና ማግኔቱ ማስረጃ ተብለው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። አዛዡ፣ መርማሪውና ጠመንጃ የያዘ ወጣት ፖሊስ ነበሩ። መኪናው ግቢ ውስጥ ሞተሩ ተነስቷል።

"ለምን እንደሚያገለግል ላሳይ" አልኩ።

አዛዡ ባሩድ ነው ብዬ የማምን መሰለው። "አሳይ" አለ።

ማግኔቱ ላይ ነጭ ወረቀት ዘረጋሁ። ብናኙን በተንሁበት። ወረቀቱን በጣቴ መታ መታ አደረግሁ። ብናኙ ተነቃነቀ፤ ተሰለፈ፤ ከክቡ ዙሪያ ወደ ውጭ ተዘረጋ።

ወጣቱ ፖሊስ አንገቱን አሰገገ። "ማነው የሳለው?"

"ማንም። ሜዳው ነው። ባሩድ ግን እንዲህ አይሰለፍም።"

"በቃ!" አለ አዛዡ።

"አልጨረስኩም" አልኩ። ማግኔቱን ከወረቀቱ ሥር አንቀሳቀስኩት፤ ብናኙ ተከተለው። ኢሻ ያስረዳንን በሙሉ ተናገርኩ። ከውጭ የመኪናው ሞተር ሲጠፋ ሰማሁ። ያኔም አላቆምኩም።

ስጨርስ እጄን አራግፌ ቀና አልኩ።

"ጥያቄ ያለው አለ?" አልኳቸው።

ማንም እጁን አላወጣም።