አርባ ቦንዳ ብርድ ልብስ

እድላዊት ዲፕሎማዋን የያዘችው መብራት በፈረቃ በነበረበት በ2001 ዓ.ም. ነው። ዳታቤዝን የተማረችው በደብተር ነበር፤ ኮሌጇ ለስልሳ ተማሪ ሰባት ኮምፒውተር ነበረውና ኪቦርድ የነካችባቸውን ቀናት በጣቷ መቁጠር ትችላለች። ያም ሆኖ መርካቶ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡት እትዬ ሸዋርካብሽ ቀጠሯት። እሳቸው ያዩት የወረቀቱን ማኅተም ብቻ ነው።

ሥራዋ ለወሬ ቀላል ነበር። ሽያጭ የሚመዘገበው ሱቁ ውስጥ ባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው። ከራጉኤል በታች ባለው መጋዘን ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር አለ፤ ዋናው ላይ የተጻፈው ሁሉ በስልክ መስመር እየመጣ እዚያ ይገለበጣል። ግልባጩ እንዳይቆም መጠበቅ የእድላዊት ፋንታ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ ዱባለ ናቸው፤ በወዛደርነት ጀምረው ቁልፉን ከያዙ አሥራ ስምንት ዓመታቸው። በዚያ ግቢ እሷን "ልጄ" ብሎ የሚጠራ ሌላ ሰው አልነበረም።

አንድ ሐሙስ መስመሩ ተቋረጠ። ሱቁ መሸጡን አላቆመም፤ በስልክ እያዘዘ ዕቃው ከመጋዘን ወጣ። በዚያው ቀን አዲስ ጭነት ደግሞ ገባ። እድላዊት እጇን አጣጥፋ ከምትቀመጥ ብላ የገባውን ጭነት በየዓይነቱ ለይታ ግልባጩ ላይ ራሷ ጻፈችው። ግልባጭ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ ይህን የነገራት የለም፣ እሷም አልጠየቀችም። እሷ ለጭነቱ የተጠቀመችባቸውን ዘጠኝ ተራ ቁጥሮች ሱቁም ለሽያጮቹ ተጠቅሞባቸው ኖሯል። መስመሩ ሲመለስ ግልባጩ "ይህ ቁጥር ተይዟል" የሚል ቀይ ጽሑፍ አወጣና ቆመ።

ኢንተርኔት ቤት ሮጠች። አንድ የማታውቀው ፈረንጅ "ስህተቱን ዝለለውና ቀጥል" ብሎ ጽፎ አገኘች። ተመልሳ ዘለለችው። ሌላ መጣ፤ እሱንም ዘለለችው። በዘጠነኛው ቀዩ ጠፋ። ደስ አላት፣ ሞኝ! ምን እንደዘለለች እንኳ አላየችም። እያንዳንዱ ዝላይ ግልባጩ ላይ ሳይጻፍ የቀረ አንድ ሽያጭ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ቆጠራ ተደረገ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ግልባጩ ካለው በአርባ ቦንዳ አነሰ። እትዬ ሸዋርካብሽ ወዛደሮቹን ሁሉ ሰበሰቡ።

"ዱባለ፣ አርባ ቦንዳዬን የት አደረስከው?"

"እመቤቴ፣ ያለ ትእዛዝ አንዲት ክር አላወጣሁም። ራጉኤልን!"

"ሌባ መቼ መሐላ ፈርቶ ያውቃል? ፈትሹት!"

አርባ ቦንዳ ኪስ ውስጥ እንደማይገባ የተናገረ አልነበረም። ጋሼ ዱባለ ሥራ ያስገቧቸው ወዛደሮች ራሳቸው የሽማግሌውን ኪስ ገለበጡ። እትዬ ቁልፉን ካንገታቸው በጠሱት። ሽማግሌው እንደ ቆሙ አለቀሱ፤ አንዱ ወዛደር ሳቀ።

እድላዊት ነገሩ ስላልተዋጠላት የግልባጩን ዝርዝር ይዛ ሱቅ ሄደችና ከዋናው ጋር አስተያየችው። ዋናው ላይ ኖረው ግልባጩ ላይ የሌሉ ዘጠኝ ሽያጮች አገኘች፤ ሲደመሩ አርባ ቦንዳ። ዘጠኙንም ወረቀት ላይ ጻፈች። ይዛም እትዬ ዘንድ ገባች።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዕቃው አልተሰረቀም፣ ተሽጧል።"

እትዬ ሸዋርካብሽ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። "ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም።"

"እንግዲያው ዝም በይ። ሌባ ማለቴን ተራው ሁሉ ሰምቷል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ተሳሳትኩ ብል ነገ ማን ይፈራኛል? እሱ እንደሆነ አርጅቷል። ከተናገርሽ አንቺም ትወጫለሽ፤ ዝም ካልሽ ቁልፉን ያዢ።" ወረቀቱን ቀዳደዱት።

እድላዊት ቁልፉን ያዘች። እናቷ የእሷን እጅ ብቻ እንደሚያዩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰበብ አጥቶ የሚያውቅ ፈሪ የለም።

ከሦስት ወር በኋላ በእህል በረንዳ ስታልፍ ጋሼ ዱባለን አየቻቸው። ጤፍ ይሸከማሉ። ልትሰወር ስትል ቀድመው ጠሯት።

"ልጄ፣ የገዛ ልጆቼ እንኳ 'ሰርቀህ አዋረድከን' ይሉኛል። አንቺ ማሽኑን ታውቂዋለሽ፤ እባክሽ እዚያ ውስጥ ፈልጊልኝ። ዕቃው የት እንደገባ አንድ ቀን ይነግርሽ ይሆናል።"

"እፈልጋለሁ፣ ጋሼ።"

"እግዜር ያክብርሽ!" ብለው ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ጎንበስ አሉ።

"እስኪ አንዴ አሸክሚኝ።"

እድላዊት ጆንያውን በሁለት እጇ አነሳችና ጫነችባቸው።