የዋንዛዋ ሴት የወይራ እጅ

ባለፈው ሳምንት ከካቺሲ የመጡ ተማሪዎች ጉደር ያለውን ግቢዬን ሊጎበኙ መጡ። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ በሬን ከፍቼ የቀረጽኳቸውን ለመጣ ሁሉ አሳያለሁ። ገበያተኛው አህያውን ከአጥሩ አስሮ ይገባል፣ መምህራን ይመጣሉ፣ ልጆች አትንኩ የተባለውን ሁሉ ይነካሉ። ከተማሪዎቹ አንዲት ቀጭን ልጅ ከጓደኞቿ ተለይታ ከዋንዛ ከቀረጽኳት ሴት ፊት ቆመችና፣ «ጋሼ፣ ሌላው ገላዋ ፈዘዝ ያለ ነው። ቀኝ እጇ ብቻ ለምን ጠቆረ? ሁለቱ ጣቶቿስ ለምን ጠመሙ?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀኋት ውሸት ነበረችኝ። «ዋንዛው አልቆብኝ ነው» እላለሁ፣ እንግዳውም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ያን ቀን ግን እናቴ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለተማሪዎቹ የተቀቀለ በቆሎ እያደለች ነበር። በግራ እጇ። ያችን ውሸት ተውኳት።

ቅርጿን ስጀምር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ክብሪት ነበርኩ፤ በሆነ ባልሆነው ቱግ እላለሁ። አምቦ ተምሬ የሥዕል መምህር ሆኜ ወደ ጉደር ተመልሼአለሁ። ስንማር አንድ መምህራችን ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ የእንጨት ቅርጾችን በፎቶ አሳይቶን ነበር፦ ረጃጅም ፊቶች፣ የተከደኑ ዓይኖች፣ ወደ ፊት የወጡ እምብርቶች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። እኔም አፍሪካዊ ነገር ልሠራ፣ ሠርቼም ለጉደር ሰው በአደባባይ ላሳይ ቆረጥኩ። ያኔ ግን አፍሪካ ሌላ ሩቅ አገር ይመስለኝ ነበር።

ግንዱን ያገኘሁት ከወንዙ ዳር ነው። ጎርፍ የጣለውን ዋንዛ ከጓደኛዬ ከቶለሳ ጋር በበሬ ጎትተን አመጣነው። ቶለሳ የእጃጂ ልጅ ነው፤ አምቦ አንድ ክፍል ተምረናል፣ ሳቁ ሦስተኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እርጥብ ግንድ ቸኩለው ከቀረጹት ይሰነጠቃል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ። ሁለቱን ጫፎች በትኩስ እበት ለቅልቀን ከጎተራው ሥር፣ ጥላ ውስጥ ለወራት አስተኛነው። ቶለሳ በመጣ ቁጥር ግንዱን በጣቱ ያንኳኳና፣ «በሽተኛው እንዴት አደረ?» ይላል።

ሲደርቅ በመጥረቢያ ጀመርኩ፣ ቀጥሎ መሮ፣ በመጨረሻ በተሰበረ ጠርሙስ ገላዋን እየፋቅሁ አለሰለስኩ። መዶሻዬን ከወይራ ጉቶ ራሴ ጠርቤ ነበር የሠራሁት። የሕፃን ራስ ያህላል፣ ጥቁርና ከባድ ነው፣ ዓለት ቢመታ አይሰነጠቅም። እሱን ስጨብጥ ደስ ይለኝ ነበር። ትንሽ ጉልበት የተጨመረልኝ ይመስለኛል።

ሴቲቱ ሲንቄ የያዘች ናት። ሲንቄ በእኛ በኦሮሞዎች ወግ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሴት ሲንቄዋን ይዛ በጠበኞች መሃል ከቆመች ጠቡ መቆም አለበት፤ እሷን የመታ ሰው ነውሩ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። እናቴ ግን የራሷን ሲንቄ ወንጌል የተቀበለች ዕለት ምድጃ ውስጥ ከታታለች። በእሷ ዘመን ያመኑ ሴቶች የድሮውን ሁሉ አንድ ላይ ነበር የሚያቃጥሉት፤ የቱ የአምልኮ፣ የቱ የሰላም እንደሆነ የለየ አልነበረም።

ስለዚህ ቅርጹን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። የቅርጿን ገላ ላወዛበት ቅቤ ስለምናት፣ «ለጣዖት የሚሆን ቅቤ የለኝም» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። በምግብ ዘይት ቀባኋት፤ ሴትዮዋ ለአንድ ሳምንት ፓስቲ ፓስቲ ሸተተች። አንድ ቀን ግን እናቴ የታጠበ ልብስ ይዛ ስታልፍ ቆመች።

«ይቺ የማን ልጅ ናት? ጉደር እንዲህ ያለ ፊት የለም።»

«የአፍሪካ ሴት ናት፣ ሀርሜ» አልኳት እናቴን።

«እኛስ የምን ነን?» አለችና የቅርጿን እጅ አየች። «አያያዟ ደግሞ ስህተት ነው። ይሄ ከብት የሚነዳ ሰው አያያዝ ነው። ሲንቄ ላላ ተደርጋ ነው የምትያዘው። የምትማታ ሴት አይደለችም እኮ!»

ቱግ አልኩ። ጣዖት ነው ያለች ሴት ደግሞ ልታርመኝ! ጡጫዋን እንደ ተጨበጠ ተውኩት፤ በትሩ የሚገባበትን ቀዳዳ አጥብቤ በትሩን በመዶሻ መትቼ አስገባሁት። ቶለሳም፣ «የእንጨቱ ጅማት የእጇ አንጓ ላይ አግድም ነው የሄደው፤ አንድ ቀን ይሰበርብሃል» ብሎኝ ነበር። እሱንም አልሰማሁም። ሴቲቱን ከአጥሩ በር ውስጥ፣ ወደ አስፋልቱ አዙሬ አቆምኳት።

በዚያው ሰሞን ተቃውሞ ተነሥቶ ከተሞቻችን ነደዱ። ከአምቦ እስከ እጃጂ መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፣ ጭሱ የተሰጣ ልብስ ላይ ሳይቀር ጥቀርሻ ይጥላል። ተኩስ ስንሰማ ከየት ሠፈር እንደሆነ በድምፁ መለየት ጀመርን። አንድ ከሰዓት በኋላ አምቦ ላይ አብረን ሳለን ጥይት ቶለሳን አንገቱ ላይ መታው። በጋሪ ይዘነው ስንሮጥ ደሙ በጣውላው ክፍተት እየተንጠባጠበ ጫማዬ ላይ ረጋ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሞቶ ነበር። የዚያን ዕለት ጉደር ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ አደርኩ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አንድ አይሱዙ ቲማቲም ጭኖ ከጉደር ሊወጣ ሞከረ። አድማ ነው፣ መኪና እንዳይንቀሳቀስ ተብሏል፤ ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየ ሹፌር። ልክ ቤታችን ፊት ለፊት ሕዝቡ በድንጋይ አስቆመው። መስታወቱ ረገፈ፣ በሩ ተገነጠለ፣ ሰውየውን በእግሩ ጎትተው አወረዱት። ጎልማሳ ነው፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተጥፏል።

«ወንድሞቼ፣ በፈጣሪ! መኪናው የሰው ነው! የልጆች አባት ነኝ!» ይላል።

«በለው!» ይላል ሕዝቡ።

ድንጋይ ግንባሩን ፈለጠው። አንዱ አፉን በእግሩ ሲመታው ጥርሶቹ አስፋልቱ ላይ ሲበተኑ አየሁ። ሣጥኖቹ ተገልብጠው ቲማቲሙ መንገዱን ሞላው፣ በየጫማችን ሥር ይጨፈለቃል፣ የትኛው ደም የትኛው ቲማቲም እንደሆነ አይለይም። እኔ ከግቢ ስወጣ መዶሻው በእጄ ነበር። ቶለሳን የገደለው ይህ ሰው እንዳልሆነ አውቅ ነበር። መጻፉ ያሳፍረኛል፣ ግን እያወቅኩ ነው የሄድኩት። ሰዉን በክርኔ ከፍዬ ደረስኩና መዶሻውን ወደ ሰማይ አነሳሁ።

ከኋላዬ፣ ከግቢያችን፣ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማሁ። እናቴ ሲንቄዋን ከቅርጿ እጅ ልትነቅል ስትታገል፣ በጠበበው ቀዳዳ አልወጣ ቢላት፣ የሴቲቱ እጅ ከአንጓው ተገንጥሎ ነበር። ቀጥሎ የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነው።

«ኢንታላ አያ!»

የእናት ልጅ ሆይ፣ ማለት ነው፤ ሴት ለሴቶች የምትጣራው ጥሪ። በሕይወቴ ከእሷ አፍ ሰምቼው አላውቅም። በሰዉ እግር መሃል ሾልካ ሹፌሩ ላይ ቆመችና በትሩን ወደ ላይ ዘረጋች። አየኋት። አይቻት ክንዴን መመለስ ነበረብኝ፤ አልመለስኩም። መዶሻው ሲንቄዋን ተጭኖ ጣቶቿ ላይ አረፈ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ መሮ በመታሁ ቁጥር ይሰማኛል።

እናቴ አላለቀሰችም፣ በትሩንም አልጣለችም። ሁለቱ ጣቶቿ ወደ ጎን ታጥፈው፣ ደሙ በክርኗ እየወረደ፣ በትሩ በቀሩት ጣቶች መሃል ላላ ብሎ ቆሟል። ዓይኔን አየችኝ።

«አየህ?» አለችኝ። «እንዲህ ነው የምትያዘው።»

ከየቤቱ ሴቶች ወጡ። ሲንቄ ያላት ሲንቄዋን፣ እንደ እናቴ ያቃጠለችው መጥረጊያ ወይም የገንፎ ማማሰያ ይዛ። ሰውየውን ከበው ቆሙ፣ ከወጣቶቹ አንድም አልደፈራቸውም። ጥርስ አጥቶ ግን ነፍሱ ተርፎ በሴቶች ተደግፎ ጤና ጣቢያ ሄደ። እኔ ቲማቲሙ ላይ ተንበርክኬ ቀረሁ።

ሴቶቹ ግን ወደ ቤት አልገቡም። ሲንቄ ከተመታች ወጉ የመታት ሰው ይቅርታ እስኪያገኝ ቤት አለመግባት ነው፤ ሕፃናቱን አዝለው ወንዙ ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ እናቴም ወጌሻው እጇን ካሰረላት በኋላ አብራቸው ተቀመጠች። ሁለት ቀን ሙሉ የይቅርታ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሰርዶ በሁለት እጄ ይዤ በጉልበቴ እየሄድኩ ለመንኳቸው። በሦስተኛው ቀን እናቴ ሣሩን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ሴቶቹም ተነሡ። ጣቶቿ ግን እንደ ተጣመሙ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ለወራት መዶሻ አልያዝኩም። አንድ ጠዋት ያንኑ የወይራ መዶሻ በመጋዝ ከእጀታው ቆረጥኩና የሴቲቱን አዲስ እጅ ከእሱ ቀረጽኩ። እናቴ ጠረጴዛው ላይ እጇን አስቀምጣልኝ እያየሁ ነው የሠራሁት። እሷ ትጸልያለች፣ እኔ አቀርቅሬ እፍቃለሁ፣ አንዳንዴ እንባዬ እንጨቱ ላይ ይወድቃል። ስጨርስ ጓዳ ገብታ ቅቤ ይዛ ወጣች።

ይህን ሁሉ ለዚያች ልጅ ነገርኳት። ወደ በሩ ዞር ብላ እናቴን አየቻት። ከዚያ የቅርጿን እጅ ነካች፣ በትሩንም ያዝ አደረገችው። በትሩ ያለ ምንም ትግል ወደ መዳፏ ወጣ።

ደንግጣ፣ «ጋሼ፣ ሰበርኩት!» አለች።

«አልሰበርሽውም» አልኳት። «አሁን ቀዳዳውን ላላ አድርጌ ነው የሠራሁት። ድንገት ሲንቄዋን የምትፈልግ ሴት ብትመጣ፣ እጅ ሳትሰብር እንድታወጣት።»